ምርምርን በአማርኛ ለሕዝብ መጻፍ፦ በሀዋሳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሀዋሳ የሚያስተምሩና የሚመራመሩ ባልደረቦች የጥናታቸውን ውጤት ከጆርናል ውጭ፣ በቀላል አማርኛ ጽፈው በኢንተርኔት ለማካፈል ሲያስቡ ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ጥናቴ በጆርናል ታትሟል፤ እንደገና ለሕዝብ መጻፍ ለምን አስፈለገ?

በጆርናል የታተመው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ለሙያ ባልደረቦች የታሰበ፣ ብዙ ጊዜም ካልተከፈለበት የማይነበብ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ያጠና መምህር ግን መረጃውን ያገኘው ጓሯቸው ድረስ አስገብተው፣ የታመመውን ተክል ቆርጠው ካሳዩት፣ ቡናም አፍልተው ካስተናገዱት እናቶች ነው። በሽታው በአገራችን በሳይንስ ጽሑፍ ከተመዘገበበት ከእ.ኤ.አ. 1968 ወዲህ ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እነዚያ እናቶች ሊያነቡት ወይም ሊነበብላቸው የሚችለው ግን ጥቂት ነው። ጊዜያቸውንና እውቀታቸውን ለሰጡን ሰዎች ውጤቱን መመለስ ዕዳ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ የሚነሱትም ከዚህ እምነት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ሥራ ሦስት ነው ይባላል፦ መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የግብርና ኮሌጅ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከእርሻ፣ ከደን፣ ከመምህርነትና ከጤና የተወለደ ተቋም ያገኘውን ለገበሬው፣ ለመምህሩና ለጤና ባለሙያው ማድረሱ የመደበኛ ሥራው አካል ነው እንጂ በትርፍ ሰዓት የሚሠራ በጎ ፈቃድ ነው ብዬ አላምንም።

«ሕዝብ» የሚባለው ማን ነው? ለማን እንደምጽፍ እንዴት ልወስን?

ለሁሉም ልጻፍ ብለው ከተነሱ ጽሑፉ ይበተናል። አንድ የሚያውቁትን ሰው በዓይነ ሕሊናዎ ይያዙና ለእሱ ይጻፉ። ገበሬው ራሱ ስልኩን ከፍቶ አንድ ሺህ ቃል ያነባል ብሎ መጠበቅ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የሚያነበው ከእሱ ጋር በየሳምንቱ የሚገናኘው ሰው ነው፦ የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህሩ፣ የውሃ አገልግሎት ባለሙያው፣ የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጇ። እነዚህ ሰዎች ያነበቡትን ለሌላው ያወራሉ፣ ያስተምሩበታል፣ ይሠሩበታል። ስለዚህ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ቢነበብ የሚገባ፣ በቃል ቢወራም ቁም ነገሩ የማይጠፋበት መሆን አለበት።

በአማርኛ፣ በሲዳምኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?

እንግሊዝኛው በጆርናሉ አለ፤ ሁለተኛ ጊዜ መድገሙ ለአካባቢው ሰው የሚጨምረው የለም። ከአማርኛና ከሲዳምኛ ደግሞ አንዱን መምረጥ ግድ አይደለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፤ በገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ብዙ ሰዎችም የሚያስቡት፣ የሚከራከሩትና የሚስማሙት በዚሁ ቋንቋ ነው። በከተማው ውስጥና ከክልሉ ውጭ ላለው አንባቢ ደግሞ አማርኛ ይደርሳል። ሁለቱንም የማይጽፉ ከሆነ በሚችሉት ጀምረው ሌላውን ቋንቋው አፉን የፈታበት ባልደረባ እንዲጽፈው ይጠይቁ፤ ስሙም ከእርስዎ ስም እኩል ይቀመጥ። «እንዲተረጉምልኝ» ብለው ሳይሆን «አብረን እንድንጽፈው» ብለው ቢጠይቁት ጽሑፉም ይሻላል፣ ሰውየውም ይከበራል።

የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በማሽን አስተርጉሜ ባወጣውስ?

ማሽኑ ቃል ይሰጥዎታል፣ አማርኛ ግን አይሰጥዎትም። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን ለመጨረሻ ያቆያል። የእንግሊዝኛ የጥናት ጽሑፍ ደግሞ ስምን በስም ላይ እየደራረበ ይሄዳል። ሁለቱ ሳይታረቁ ሲቀሩ አንባቢው ሦስት መስመር ሄዶ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቀራል። ትርጉሙ ቢስተካከል እንኳ የጽሑፉ ቅደም ተከተል የጆርናል እንደሆነ ይቀራል፤ አንባቢው ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል።

እኔ ከሞከርኳቸው መንገዶች የተሻለው ይህ ነው። ጽሑፉን ይዝጉትና ጥናቱን ለአንድ ሙያው ለሌለው ሰው፣ ለእህትዎ ወይም ለጎረቤትዎ፣ በቃል ይንገሩ። ሲነግሩም በስልክዎ ይቅዱት። ቀረጻውን መልሰው ሲሰሙት የት ላይ እንደተደናገሩ፣ ሰሚው የት ላይ «እንዴት?» እንዳለ ይሰማሉ። ከዚያ የተናገሩትን ወደ ጽሑፍ ይመልሱት። የሚወጣው አማርኛ የእርስዎ ይሆናል፤ የሰሚው ጥያቄዎችም ጽሑፉ ውስጥ መልስ አግኝተው ይገባሉ።

የሙያ ቃላትን ምን ላድርጋቸው?

ቃሉን ሳይሆን ነገሩን ይተርጉሙ። ለአብነት ያህል ይህን ለማሳያ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦ «በጥናቱ አካባቢ ከሚገኙ የከርሰ ምድር ውሃ ናሙናዎች አብዛኞቹ ከዓለም ጤና ድርጅት የመመሪያ እሴት በላይ የሆነ የፍሎራይድ ክምችት ያላቸው መሆናቸው ተረጋግጧል።» ስህተት የለበትም፤ ጉድጓዱ ደጃፏ ላይ ያለ እናት ግን ከእሱ ምንም አታገኝም። ያው ነገር እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ከመረመርናቸው ጉድጓዶች በአብዛኞቹ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከሚገባው በላይ አለ። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ውሃውን አይቶ ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዚያ በላይ ያለበትን ውሃ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ በጣም ከፍ ሲልና ለብዙ ዓመታት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም።»

ሁለተኛው ረዘመ፤ መርዘሙም ተገቢ ነው። «ክምችት» እና «የመመሪያ እሴት» የሚሉት ቃላት ወጥተው «ይበልዛል» የሚል ቃል ገባ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ጥርሱ የበለዘ ሰው ያላየ ስለሌለ አንባቢው ወዲያውኑ ጉዳዩን ከሚያውቀው ነገር ጋር ያገናኘዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። ሆኖም «አፍልቼ ባጠጣቸውስ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛዋም እናት የሚጠበቅ ነው። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ፍሎራይድ ግን ከእሳተ ገሞራ አለት ወደ ውሃው የሚገባ ማዕድን በመሆኑ ውሃው ሲተን እሱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የቀረው ውሃ ውስጥም መጠኑ ይጨምራል።

አቻ የሌለውን ቃል በግድ አማርኛ ማድረግ አይጠቅምም። ፍሎራይድ፣ ባክቴሪያ፣ ቫይረስ የሚሉት በሰው አፍ ገብተዋል፤ እንዳሉ ይቀመጡ። አዲስ የተፈጠረ የአማርኛ ቃል የሚጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ሲመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረድተው፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ያንኑ ቃል ብቻ ይጠቀሙ።

ርዝመቱ ምን ያህል ይሁን?

ከ700 እስከ 1,000 ቃል ለአንድ ጥናት ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከመሰለዎት ሁለት ጽሑፍ አለዎት ማለት ነው።

የት ላውጣው? ቴሌግራም፣ ፌስቡክ ወይስ ድረ ገጽ?

ማኖሪያውና ማድረሻው ይለያያሉ። ጽሑፉ አንድ ቋሚ መኖሪያ ያስፈልገዋል፤ ይህም የዩኒቨርሲቲው ገጽ ወይም የግል ድረ ገጽ ሊሆን ይችላል። ፌስቡክ ላይ ብቻ የወጣ ጽሑፍ በሳምንቱ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚፈልገው ተማሪ አያገኘውም። ሰው ዘንድ የሚያደርሰው ግን ቴሌግራም ነው። የልማት ሠራተኞች፣ የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ እዚያ የሚላከው ሙሉው ጽሑፍና የቋሚው ገጽ ሊንክ ቢሆን ዳታ የሌለው ሰው እዚያው ያነበዋል፣ ያለው ደግሞ ገብቶ ያያል።

ፋይሉ ቀላል ይሁን። በአንድ ሥዕል የሚገለጸውን በስድስት ፎቶ አያስረዱ። ጽሑፍን ፎቶ አንስቶ መላክም አይመከርም፤ ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች በስልካቸው አስነብበው ሊሰሙት አይችሉም፣ በፍለጋም አይገኝም።

ጽሑፌ በጉግል ሲፈለግ ለምን አይገኝም?

ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው። የመጀመሪያው የአጻጻፍ ሥርዓቱ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በተለመዱት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል። ዛሬም በየቢሮው በአሮጌው መንገድ የሚጽፉ ኮምፒዩተሮች አይጠፉም። ጽሑፉን ከዚያ ገልብጠው ከለጠፉት የፍለጋ ሞተሩ አማርኛ መሆኑን አያውቅም።

ሁለተኛው የፊደል ምርጫ ነው። የከተማችን ስም ብቻ እንኳ «ሀዋሳ»፣ «ሃዋሳ»፣ «ሐዋሳ»፣ «አዋሳ» ተብሎ ይጻፋል። ፈላጊው በየትኛው እንደሚፈልግ አይታወቅም። በጽሑፉ ውስጥ አንዱን መርጠው ከላይ እስከ ታች እሱን ይጠብቁ፤ ገጹ ቁልፍ ቃላት ማስገቢያ ካለው ግን ሌሎቹንም እዚያ ያስገቡ። ስለ ጤና የሚጽፉ ሰዎች «ፀ»ንና «ጸ»ን፣ «ሠ»ንና «ሰ»ን በሚመለከት ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል፤ «ፀረ ተባይ» እና «ጸረ ተባይ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው።

ለማዕረግ እድገት ይቆጠርልኛል?

በአብዛኛው አይቆጠርም፤ ቢቆጠርም ነጥቡ ትንሽ ነው። ለእድገት የሚታየው በዋናነት በታወቁ ጆርናሎች የታተመ ሥራ ነው። በማኅበረሰብ አገልግሎት ሪፖርትዎ ውስጥ ግን ሊያስገቡት ይችላሉ፤ ለዚህ እንዲረዳዎ ጽሑፉን ማን እንደተጠቀመበት የሚያሳይ ነገር፣ ለምሳሌ ከወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣ የሥልጠና ግብዣ ደብዳቤ፣ ቢያስቀምጡ ጥሩ ነው። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በተለየ ተቋም ውስጥ እንዲህ ያለው ሥራ የሚገባውን ነጥብ አለማግኘቱ ትክክል አይመስለኝም፤ በየጉባኤው ልናነሳው ይገባል። እስኪለወጥ ድረስ ግን ለነጥብ ብሎ የሚጀምር ሰው በሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ያቆማል።

እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር እንዴት ልጻፍ?

እርግጠኛ ያልሆኑበትን መጠን ራሱን በመጻፍ ነው። በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ጥርጣሬ የሚገለጽበት የራሱ ቋንቋ አለ፤ ለሕዝብ ስንጽፍ ያ ቋንቋ ይወጣና ጥርጣሬው አብሮ ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጉዳት የሚደርሰው። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም፦ «ሊሆን ይችላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይመስላል»፣ «አረጋግጠናል» እያንዳንዳቸው የተለያየ ክብደት አላቸው። በየዓረፍተ ነገሩ የትኛው እንደሚገባ መወሰን የተመራማሪው ኃላፊነት ነው። «አረጋግጠናል» ለሚለው ቃል በተለይ ስስት ያስፈልጋል።

በተለይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አብረው የታዩ ሁለት ነገሮችን አንዱን የሌላው ምክንያት ከማድረግ ነው። ከሀዋሳ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ዓሣ ማነሱንና ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ መብዛቱን በአንድ ጊዜ ቢያዩ፣ ጠባቡ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ስለሚይዝ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዳርቻው ያለው ሣርና ሸንበቆ መጨፍጨፉ፣ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል የሚገባው ደለልና ፍሳሽ፣ የአሥጋሪው ቁጥር መጨመሩም አሉ። ጥናትዎ የለካው የትኛውን ነው? የለኩትን «ለክተናል»፣ ያልለኩትን «አላየነውም» ብለው ይጻፉ። አንባቢ እንዲህ ያለውን ጸሐፊ ይበልጥ ያምነዋል።

ጽሑፉን ከማውጣቴ በፊት ለማን ላሳይ?

ለሁለት ሰው፦ አንድ ለሙያው ባልደረባ፣ አንድ ነገሩ ለሚመለከተው ሰው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ስለ መረብ ዓይን ስፋት የጻፍኩትን ረቂቅ አንድ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስጄ፣ ጀልባ ሥር ተቀምጠው መረብ ለሚጠግኑ አንድ አዛውንት አነበብኩላቸው። እጃቸው ከመረቡ ሳይለይ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «መምህር፣ የጻፍከው እውነት ነው። ጠባቡ መረብ ልጁን ከእናቱ ጋር ነው የሚያወጣው። ግን ሰፊውን መረብ ማን ይገዛልኛል? ለይኼኛው የወሰድኩት ብድር እንኳ ገና አላለቀም» አሉ። እኔም «ልክ ነዎት አባቴ፣ እሱን አላሰብኩትም» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ረቂቁ ስለ ዓሣው እድገት ሁለት ገጽ ነበረው፤ ስለ መረብ ዋጋ ግን አንድ መስመር አልነበረውም። ተመልሼ የመረቡን ዋጋ ጠየቅሁ፣ በማኅበር የሚገዛበትን መንገድ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተነጋገርሁ፣ አንድ አንቀጽም ጨመርኩ። በኋላ ሰዎች ደውለው የጠየቁኝ ስለዚያ አንቀጽ ነው።

በጆርናል ከመታተሙ በፊት ብጽፈው ችግር አለው?

እንደ ሙያው ይለያያል፤ ስለዚህ ሊልኩለት ያሰቡትን ጆርናል ደንብ አስቀድመው ያንብቡ። በሕክምናው ዘርፍ እ.ኤ.አ. በ1969 የኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል ዋና አዘጋጅ የነበሩት ፍራንዝ ኢንገልፊንገር ሌላ ቦታ አስቀድሞ የወጣ ውጤት እንደማይቀበሉ ካስታወቁ ወዲህ ጥብቅ ልማድ ኖሯል። በፊዚክስና በሒሳብ ግን ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ ተመራማሪዎች ያልታተመ ጽሑፋቸውን አርካይቭ በተባለው ማኅደር ላይ በግልጽ ያስቀምጣሉ። ከዚህም አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ቲሞቲ ጋወርስ የተባሉ የካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ ለአንድ ከባድ ንድፈ ሐሳብ አዲስ ማረጋገጫ እንፈልግ ብለው በግል ገጻቸው ላይ ለሁሉም ጥሪ አቀረቡ፤ ብዙ ሰው እየተቀባበለ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ መንገዱ ተገኘ፤ ሥራውም በ2012 በጋራ የብዕር ስም በታላቅ የሒሳብ ጆርናል ታተመ።

የሒሳብ ረቂቅ ግን ሰው አይጎዳም። የሰው ጤናን፣ የእንስሳት መድኃኒትን ወይም የምግብ ደኅንነትን የሚመለከት ውጤት ሌሎች ባለሙያዎች ሳይመረምሩት ለሕዝብ ባይወጣ ይሻላል፤ ሰው መድኃኒት ሊያቆም ወይም ሊጀምር ይችላልና። አዲስ መሣሪያ ወይም የአሠራር ፈጠራ ከሆነ ደግሞ አንድ መስመር እንኳ ከመጻፍዎ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የቴክኖሎጂ ሽግግር ክፍል ያነጋግሩ። ፈጠራው አስቀድሞ በይፋ ከተገለጸ አዲስነቱ ተነሥቶ የፓተንት መብት የሚታጣባቸው አገሮች ብዙ ናቸው።

ጆርናሉ የቅጂ መብቱን ወስዷል፤ በአማርኛ ብጽፈው ይከሰኛል?

የጥናትዎን ግኝት በራስዎ አዲስ አማርኛ መጻፍና የታተመውን ጽሑፍ ቃል በቃል መተርጎም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ለሥራው አገላለጽ ነው፤ ሐሳብ፣ የአሠራር ዘዴ፣ ግኝትና እንዲሁ ያለ መረጃ በራሳቸው አይጠበቁም። ስለዚህ ምን እንዳገኙ በአዲስ ቃል መናገርን የሚከለክልዎ የለም። ቃል በቃል ትርጉም፣ እንዲሁም በጆርናሉ ላይ የወጣውን ግራፍና ሥዕል እንዳለ መውሰድ ግን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። ግራፉን ከመረጃው ተነሥተው፣ ጽሑፉን አማርኛ አድርገው እንደገና ቢሠሩት ለአንባቢውም ይሻላል።

ጽሑፉ የወጣው ማንም ያለ ክፍያ በሚያነበው (በክፍት ተደራሽነት) ጆርናል ላይ፣ ስም እስከተጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ከሆነ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት በነፃ እንዲነበብ የሚጠይቅ ብሔራዊ ፖሊሲም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከሚቀጥለው ጥናትዎ ጀምሮ ይህን አስበው ጆርናል ቢመርጡ መልካም ነው።

ሐሳቤን ሌላ ሰው ቢወስደውስ?

ቀን ተጽፎበት በይፋ የወጣ ሐሳብ መጀመሪያ ማን እንዳለው ለማስረዳት ይረዳል፤ በመሳቢያ ያለ ሐሳብ ግን ምስክር የለውም። አማርኛ ጽሑፍዎ ያለ ስምዎ በሌላ የቴሌግራም ቻናል ላይ ቢገኝ በትሕትና ጽፈው ስምና ሊንክ እንዲጨምሩ ይጠይቁ። ብዙዎቹ ይጨምራሉ።

የጥናቱ ተሳታፊዎችን ታሪክ መጥቀስ እችላለሁ?

ተሳታፊው ፈቃድ የሰጠው ለጥናት ነው እንጂ ጎረቤቱ በስልኩ ለሚያነበው ጽሑፍ አይደለም። በጆርናል ላይ «ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣች የ34 ዓመት ሴት» ማለት ማንንም አይገልጥም። በአማርኛ የቀበሌውን ስም ጠቅሰው «ሦስት ልጆች ያሏት፣ ባሏ አናጢ የሆነ» ቢሉ ግን ቀበሌው በሙሉ ያውቃታል። ለሕዝብ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ የሚደበቀው ነገር ከጆርናሉ መብዛት አለበት፤ ቀበሌውን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን ሁሉ በአንድ ላይ አያስቀምጡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጉዳይም ሆኗል። የአንድን ሰው ታሪክ የግድ መናገር ካስፈለገ ተመልሰው ሄደው፣ የጻፉትን አንብበውለት፣ አዲስ ፈቃድ ይጠይቁ። ፎቶም ከሆነ እንዲሁ።

ያማከርኩትን ተማሪ የመመረቂያ ጥናት እኔ ልጽፈው እችላለሁ?

ተማሪው ሳያውቅ አይቻልም። መስክ የወረደው፣ መጠይቁን ይዞ ከቤት ቤት የዞረው፣ ሌሊት መረጃ ያስገባው እሱ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ራሱ እንዲጽፈው ማገዝ ነው፤ የመጀመሪያ ጽሑፉ ሲወጣ የሚሰማው ኩራት ለሚቀጥለው ሥራው ስንቅ ይሆነዋል። እሱ ካልቻለና እርስዎ ከጻፉት ስሙ በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ይግባ፤ ከታች በትንሽ ፊደል መጥቀስ አይበቃም።

የተሳሳተ ነገር ጽፌ ብገኝ ምን ላድርግ?

አይሰርዙት፣ በዝምታም አያስተካክሉት። ስህተቱንና እርማቱን ከነቀኑ በጽሑፉ አናት ላይ ይጻፉ፤ በቴሌግራም የላኩበት ግሩፕ ሁሉ እርማቱን ይላኩ።

አንድ ጊዜ ስለ ሐይቁ የውሃ ከፍታ መለዋወጥ ስጽፍ ዓመቱን በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር አስቀምጬ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ሳልጨምር ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ደውሎ፣ ዓመቱን የእኛ አቆጣጠር መስሎት ለተማሪዎቹ እንዳስተማረ ነገረኝ። የዘመን ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፤ በዚያ ልዩነት የድርቁ ዓመት የዝናብ ዓመት ይሆናል። እርማቱን አናት ላይ ጻፍኩ፣ ለመምህሩም ለተማሪዎቹ እንዲያነብላቸው ላክሁለት። ከዚያ ወዲህ ዓመት ባለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳላረጋግጥ ምንም አላወጣም።

ውጤቴ የአንድን መሥሪያ ቤት ሥራ የሚነቅፍ ከሆነስ?

ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ጽሑፍም በዚህ ምክንያት በመሳቢያ ቀርቷል። ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ተቀምጧል፤ የአካዳሚክ ነፃነትም በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እውቅና አግኝቷል። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። በሁለቱ መካከል ቆሞ ለመጻፍ ተመራማሪው ያለው ጋሻ መረጃው ነው። የለካውን፣ የለካበትን ቀን፣ ቦታና ዘዴ በዝርዝር የጻፈ ሰው የሚናገረው ስለ ሥራው ነው፤ «ቸልተኞች ናቸው»፣ «ሆን ብለው ነው» ያለ ሰው ግን ያልለካውን የሰው ልብ ለካሁ ብሏል። ቅጽሎቹ ይውጡ፣ ቁጥሮቹ ይቆዩ።

ከዚያ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ግኝቱን በደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ ያሳውቁ። ይህ ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፤ የስህተት ማጣሪያ ነው። ምናልባት የቆሻሻ ማጣሪያው እርስዎ ናሙና በወሰዱበት ሳምንት ተበላሽቶ ነበር፤ ምናልባት የለኩት ጉድጓድ ከተዘጋ ቆይቷል። ባለሙያው ያውቃል፣ እርስዎ አያውቁም። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው፤ ቅጂውን ለትምህርት ክፍልዎ ኃላፊ ይስጡ፤ ምላሽ የሚጠብቁበትን ቀንም ይግለጹ፣ ሁለት ሳምንት በቂ ነው። መልስ ከመጣ ሳያሳጥሩ በጽሑፉ ውስጥ ያስገቡት። ካልመጣ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደብዳቤው የገባበትን ቀን ጠቅሰው «ይህ ጽሑፍ እስከወጣበት ዕለት ድረስ ምላሽ አልደረሰንም፤ ሲደርሰን እዚሁ እናወጣዋለን» ብለው ይጻፉ። ሲደርስም ያውጡት።